ንጹህ ነው ያለ ይርገጠው

ስለ ሃምሳ አለቃ በላቸው ከመጻፌ በፊት የሚጽፈው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅ። ይልማ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ በሐምሌ ሙቀት ኤሲው ቀጥ ያለበት ሐበሻ፣ ለኩባንያ ከመደወሉ በፊት ለእኔ ይደውላል። ኩባንያው «በሚቀጥለው ሳምንት እንመጣለን» እስኪለው ድረስ እኔ ጓሮው ውስጥ ተንበርክኬ ክዳኑን ፈትቻለሁ። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት ካርቱም በስደት ሳለሁ ሽፋኑ ከተቀደደ አንድ መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከማሽን መመሪያዎች ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ አየሩ ከማውራት ስለ ሞተር ማውራት ይቀለኛል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ፈቃድ ፈተናን በሃምሳ ሦስት ዓመቴ በመጀመሪያው ሙከራ አልፌያለሁ። አብረውኝ ከተፈተኑት ኮሌጅ የበጠሱ ልጆች ሦስቱ ወድቀዋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆንም እውነት ነው።

አስተማሪ አልነበረኝም። «ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ «እኔ» እላለሁ። ይህን መልስ እስከ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ድረስ ያለ አንዳች ሐሰት ስሰጥ ኖሬ ነበር። ከዚያ ሃምሳ አለቃ በላቸው መጣና መልሴን አበላሸብኝ።

ባለፈው መጋቢት ልጁ ራሔል ከካሮልተን ደወለች። «ጋሽ ይልማ፣ አባቴ...» አለች። ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«የት ነው ያገኘሽው?» አልኳት።

«ወንበሩ ላይ። የእንቁላል ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳንቲሞቹን ሲያይ ነበር መሰለኝ። ጋሼ፣ አንድም እኮ አልፈሰሰበትም።»

«አባትሽ ነገር አያፈስም» አልኳት። አሁንም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ነገር የምናገርለት አይመስለኝም። ሰማንያ አንድ ዓመት ኖሮ፣ አንድም ሰው ሳያስቸግር፣ የያዘውን ሳያፈስ ሄደ። አለቀስኩ፤ ነገር ግን እንደዚህ ላለ አሟሟት ረጅም ለቅሶ አይገባም ብዬ ቶሎ አቆምኩ።

የተገናኘነው ከስድስት ዓመት በፊት በሰኔ ነው። ያኔ ጡረታ ከወጣሁ ገና ወራት ነበሩ፤ እጄ ሥራ ፈትቶ ይበላኝ ነበር። አንድ ጎረቤቴ ደጁ ላይ አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ የተበላሸ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አየሁ። ረጅም እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ነገር አለው፤ መሬት ላይ ሲያንዣብብ ከሥር ብረት ካለ በማዳመጫው ይጮኻል። ቤቴ ወስጄ ፈታታሁት። የተቆረጠችው አንዲት ሽቦ ነበረች። ለዚያች ሽቦ ሲል ሰውዬው ማሽኑን ሊጥለው ነበር! በአንድ ሰዓት ውስጥ አስነሳሁት፤ መመሪያውንም ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ ወዲያ አሮጌ ቤት የፈረሰበት ባዶ ቦታ ሳይ ባለቤቱን እያስፈቀድኩ መፈለግ ጀመርኩ። የድሮ ሳንቲም፣ የኮት ቁልፍ፣ የፈረስ ጫማ። አንድ ጠዋት፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቱ እየቀለጠ፣ ማሽኑን ወዲያና ወዲህ ስወዘውዝ፣ ከአጥሩ ማዶ ጥቁር ጃንጥላ የዘረጋ ቀጭን ሽማግሌ ቆሞ አየሁ። መፋቂያ አፉ ውስጥ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስ ተመለከተኝ። አድናቆት መሰለኝ፤ እኔም ትንሽ አሳምሬ መወዝወዝ ጀመርኩ።

በመጨረሻ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና በአማርኛ፣ «ሰውዬ» አለኝ፤ «እንደዚህ ከሆነ የምትጠርገው፣ እስካሁን ሦስት ጊዜ ሞተሃል።»

«ምን አልክ?»

«አንዱን ጊዜ እዚያ ጋ» በመፋቂያው ጠቆመ፤ «ያልፈተሽከውን መሬት ረገጥክ። ሁለተኛውን እዛፉ ሥር፣ ማሽኑን እንደ መጥረጊያ ወደ ላይ ወረወርከው። ሦስተኛውን አሁን። ወደ እኔ ስትዞር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደሃል።»

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅክ?»

«ብቻህን ስትሳደብ ሰማሁህ።»

ሃምሳ አለቃ በላቸው በወጣትነቱ የጦር መሐንዲስ ነበር። ሥራው ሌሎች የቀበሩትን ፈንጂ ማውጣት ነው፤ መኪና እንዲያልፍ፣ ገበሬ እንዲያርስ። ግራ ጆሮው በዚያ ሥራ ቀርቷል። አንድ ቀን «ስንት አወጣህ?» ብዬ ስጠይቀው «የወጣው ወጣ» ብሎ ዘጋኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። ካሮልተን ከልጁ ጋር ይኖር ነበር። ራሔል ጋርላንድ ክሊኒክ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ቤት ብቻውን ከሚውል ብላ ጠዋት ይዛው ትመጣለች፤ እሷ ሥራ ስትገባ እሱ በእግሩ ይዞራል። ዳላስ አካባቢ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ ሃምሳ አለቃ በላቸው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለታችን አንድ ላይ ወጣን። ልጁ ማሽን ገዛችለት። እኔ «ሃምሳ አለቃ» እለዋለሁ፣ እሱ «ኢንጂነር» ይለኛል። ኢንጂነር የሚለኝ አክብሮ ነው እያልኩ ለሰው እናገር ነበር፤ እሱ አጠገቤ ካለ ይስቃል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ሁለት ነጭ ክር መሬት ላይ ይዘረጋል፤ በመካከላቸው ያለው ስፋት ከክንዱ አይበልጥም። ጫማውን አውልቆ በክሮቹ መነሻ ላይ፣ አፍንጫቸውን ወደ መውጫ አዙሮ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ ማሽኑን ሣሩን እያስነካ በዝግታ ያንቀሳቅሳል። ደህናው ጆሮው ቀኙ ስለሆነ፣ ድምፅ ሲሰማ እንደ ዶሮ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ይሰብቃል። ብረት ያለበት ላይ ቀይ ቀለም የተቀባች የአይስክሬም እንጨት ይተክላል። ከዚያ ተንበርክኮ፣ አንዳንዴም በሆዱ ተኝቶ፣ ከእንጨቷ አንድ ስንዝር ርቆ ከጎን ይቆፍራል። ከላይ ወደ ታች አንድም ቀን ቆፍሮ አያውቅም።

«ብረት ከጎኑ ነው የሚጠየቀው» ይላል። «ከላይ ከመጣህበት ይቆጣል።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ሳንቲም እኮ ነው። ምን ያደርገናል?»

«እጅህ ሳንቲም መሆኑን አያውቅም። እጅህን አታባልግ።»

እኔ ግን እጄን አባለግሁ። ከከተማው በስተምሥራቅ አንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ፣ ድሮ ሰዎች በዓል የሚያከብሩበትን የትላልቅ ዛፎች ጥላ እንድንፈትሽ ፈቀደልን። እዚያ ማሽኔ እንደ ደወል ጮኸ። አካፋዬን ቀጥ አድርጌ ሰካሁ፣ ገለበጥኩት። የብር ሳንቲም ነበር፤ የአንዲት ሴት መልክ አለበት። ከግንባሯ እስከ አገጯ በአካፋዬ ተተልትላለች።

ሃምሳ አለቃ ተቀብሎ ትንፋሹን እፍ አለባትና መዳፉ ላይ አስቀምጦ አያት። «መቶ ዓመት ማንም ሳይነካት ኖራ፣ አንተ ደረስክባት» አለኝ።

ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ግን እኔ የማውቀውን አደረግኩ፤ ራሴን አስተማርኩ። ጓሮዬ ውስጥ ዐሥር እንቁላል ቀበርኩና ከጎን ቆፍሮ ማውጣት ተለማመድኩ። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰበርኩ። በማግስቱ ሦስት። በሦስተኛው ቀን ዐሥሩም እንደተቀበሩ ወጡ። ባለቤቴ በመስኮት ስታየኝ ቆይታ ለልጆቻችን ደወለች። «አባታችሁ እንቁላል እየዘራ ነው» አለቻቸው። ለሃምሳ አለቃ ዐሥሩን ደህና እንቁላል በካርቶናቸው ወስጄ አሳየሁት። አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸውና «ካርቶኑን ተውልኝ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኘውን ሳንቲም በዚያ ካርቶን ውስጥ ያኖር ጀመር፤ በእያንዳንዷ ጉድጓድ ከየት እንደወጣች የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አብራ አለች።

በጣም የሚወደው ጀርባዋ ላይ የስንዴ ዛላ ያለባትን የድሮዋን የመዳብ ሳንቲም ነበር። ባገኘ ቁጥር ስለ ጣላት ሰው ያወራልኛል። «ይህን የጣለው ኪሱ ቀዳዳ የነበረ ሰው ነው» ይላል። «እቤቱ ሲገባ ሦስት ጊዜ ኪሱን ገልብጧል። ሚስቱ አላመነችውም።» ሳንቲሟ ዋጋዋ ስንት እንደሆነ አንድ ቀንም አልጠየቀም። የሚያሳስበው ሰውዬው ነው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማምተን አናውቅም ነበር። የቴክሳስ መሬት በጣሳ ጆሮ የተሞላ ነው። የጣሳ ጆሮ የምለው ቢራና ለስላሳ ሲከፈት የሚነቀለውን የአሉሚኒየም ቀለበት ነው። ማሽኑ ለእሱም ይጮኻል። አንዱን ለማውጣት በዚያ ፀሐይ ተንበርክኮ መቆፈርና መልሶ የጣሳ ጆሮ ማግኘት ሰውን ያሳብዳል። እኔ መመሪያውን ስላነበብኩ መፍትሔ አገኘሁ፤ ማሽኑ የጣሳ ጆሮ ሲያገኝ ዝም እንዲል አስተካከልኩት። ሃምሳ አለቃን «ላስተካክልልህ» አልኩት።

«ይጩኽ» አለ። «ምን እንደሆነ የምወስነው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም።»

በዚህ ምክንያት እኔ ሜዳውን ሙሉ ዞሬ ስመለስ እሱ ገና መነሻው ላይ ነው። «እኔ አንድ ጋሻ መሬት፣ አንተ አንድ አልጋ!» እለዋለሁ።

«አልጋዬ ላይ ግን መተኛት ይቻላል» ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአራት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያናችን መሬት ገዛ። በላዩ የነበረው አሮጌ ቤት ፈርሶ ጓሮው የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ምእመናን ተሰብስበን አረም ነቀልን፣ ድንጋይ ለቀምን። ከመካከላችን ብርቄ ነበረች። ብርቄ በየሰዉ ቤት እየሄደች አቅመ ደካሞችን የምታስታምም ሴት ናት፤ ባሏ ሰይፉ ከሞተ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። የእሱን የወርቅ ቀለበት በግራ እጇ መሐል ጣት ላይ ታደርጋለች። ስለሚሰፋት ውስጡን በአረንጓዴ ክር ጠምጥማው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጓንቷን አውልቃ እጇን ስታይ ጣቷ ባዶ ነው። አርባ ሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ ፈለገ። አልተገኘም። ኮንክሪት የሚያፈስሰው ኮንትራክተር ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል። የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዳኒ የሚባል ቢሮ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ኮንትራክተሩን ኮል አድርጎ ቀኑን እንዲያራዝምልን ለመነው።

«ሶ፣ ሪስኬጁል ማድረግ አይቻልም ነው የሚለው፤ ማለቴ፣ ካለፈን መስከረም ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እትዬ ብርቄ፣ አይ አም ሶ ሶሪ።»

«ተው ዳኒዬ፣ ለአንድ ቀለበት ሥራ አይቆምም» አለችው። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ሄዳ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች፤ ሞተር አላስነሳችም፣ መስኮት አልከፈተችም። በዚያ ሙቀት ኤሲ ሳያበራ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ሰው፣ ሙቀቱ አልተሰማውም ማለት ነው።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በሁሉም ፊት ተነሣሁ። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቁርጡን እነግራችኋለሁ» አልኩ። ሃምሳ አለቃ ያን ቀን ከልጁ ጋር ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር፤ አልፈለግኩትም። ቴርሞሜትሩ በፋራናይት መቶ አራት ዲግሪ ሲል እኔ ማዳመጫዬን አጥልቄ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሳንቲሞች፣ አንድ የተሰበረ መፍቻ፣ የበር ማጠፊያ አወጣሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ ላቤን ጠርጌ ብርቄንና ዳኒን ጠራኋቸው።

«መሬቱ ንጹህ ነው» አልኩ። «ቀለበትሽ እዚህ የለም። ቤትሽ፣ መኪናሽ ውስጥ፣ የቆሻሻ ከረጢቱ ውስጥ ፈልጊ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ይልማ» አለችኝ። «እንግዲህ እርስዎ የለም ካሉ የለም።»

ይህን ያለችው ስለምታምነኝ ነው። ኤሲዋን ሁለት ጊዜ፣ ማጠቢያዋን አንድ ጊዜ ጠግኜላታለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ለሃምሳ አለቃ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሜዳውን በስንት ሰዓት እንደጨረስኩም ጭምር።

«ትረግጠዋለህ?» አለ።

«ምኑን?»

«እኛ ዘንድ መሬት ንጹህ ነው ብሎ የፈረመ ሰው፣ ጫማውን አውልቆ መጀመሪያ የሚራመድበት እሱ ነው። ገበሬው ከኋላው ነው የሚገባው። አንተ ንጹህ ነው ብለሃል። ትረግጠዋለህ?»

«ሃምሳ አለቃ፣ ቀለበት አይፈነዳም።»

«በአንተ ላይ አይፈነዳም» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ከዚያ የባለቤቴን የወርቅ ቀለበት ከጣቷ ለመንኩ። «ደግሞ ምን ልትቀብር ነው?» አለችኝ፤ ሰጠችኝ። ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩና ማሽኑን እሑድ እንደነበረው አድርጌ አሳለፍኩበት።

ዝም አለ።

ደግሜ አሳለፍኩ። ዝም አለ። የጣሳ ጆሮውን ማስተካከያ አጠፋሁና ሦስተኛ ጊዜ አሳለፍኩ። ጮኸ። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የጣሳ ጆሮ ለማሽኑ አንድ ዓይነት ናቸው። ያን ያህል ያነበብኩት መመሪያ ይህንንም ጽፎት ነበር፤ በትንንሽ ፊደል፣ በመጨረሻው ገጽ። እኔ ያነበብኩት ማሽኑን እንዴት ዝም እንደማሰኘው የሚለውን ነበር።

በሕይወቴ ብዙ ከባድ ሥራ ሠርቻለሁ። ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር አጠገብ ቆሜ ውያለሁ። ለብርቄ የመደወልን ያህል የከበደኝ ግን የለም። ማንም አላስገደደኝም፤ እኔ ራሴ ደወልኩ።

«ብርቄ፣ ትናንት ያልኩሽ ስህተት ነው። መሬቱን አልፈተሽኩትም፤ የፈተሽኩት መስሎኝ ነው።»

«እርስዎ፣ ጋሽ ይልማ?»

«እኔ።»

አራት ሰዓት ላይ ሦስታችን ሜዳው ላይ ተገናኘን። ሃምሳ አለቃ የት እንደጠፋት አልጠየቃትም። ጓንት ሰጣትና «ቅዳሜ ውሃ ስትጠጪ እንዴት እንደነበርሽ ሁኚልኝ» አላት። ብርቄ ጓንቱን አጠለቀች፣ ግራ ገባት፣ ዞር ዞር አለች። ከዚያ ፀሐዩን በጀርባዋ አድርጋ ቆመች። የግራውን ጓንት በጥርሷ ይዛ ሳበችው፤ ከእጇ ሲወጣ እጇ ወደ ጎን ተወረወረ።

«እዚያው ቁሚ» አላት። የቆመችበትን መሐል አድርጎ በየአቅጣጫው ስድስት እርምጃ ለካና ክሩን ዘረጋ። ጫማውን አወለቀ። እኔም አወለቅኩ።

የዳላስ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጥልበት እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በሐምሌ ግን እንደ ጡብ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሃምሳ አለቃ ገና ሲያየው «ይሄ እኮ መረሬ ነው» አለ። «መረሬ አፍ አለው። የወደቀለትን ይውጣል።» ሁለት ጣት የሚያስገቡ ስንጥቆች ነበሩ።

እያንዳንዱን ጩኸት ቆፈርን። የጣሳ ጆሮ። የጣሳ ጆሮ። ቆርኪ። ምስማር። የጣሳ ጆሮ። ብርቄ ጃንጥላውን ይዛ፣ የሚቆፍረው ማን እንደሆነ እያየች ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ ትመላለስ ነበር። ፎጣችንን በውሃ እየነከረች ጭንቅላታችን ላይ ትጥላለች። ዳኒ ከሥራ ሾልኮ በረዶ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ ሂት ስትሮክ ይይዛችኋል። ሁለታችሁም ኦልድ ናችሁ እኮ!»

«እሱ ነው ኦልድ» አልኩት።

«ይሄን ልጅ ከክሩ ውስጥ አስወጡልኝ» አለ ሃምሳ አለቃ ቀና ሳይል።

ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ባልዲ የጣሳ ጆሮ ሞልተን ነበር። በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ብርቄ ግን ታውቃለች፤ ጃንጥላውን የያዘ እጇ ዝቅ ዝቅ ማለት ጀምሯል።

ያኔ ሃምሳ አለቃ አንገቱን ሰበቀ።

ማሽኑን ወደ ኋላ መለሰ፣ እንደገና አሳለፈ። ደካማ ድምፅ ነበር፤ እኔ ብሆን አልፈው ነበር። ከአንድ ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ቀይዋን እንጨት ተከለ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ በዝግታ ተነሣና ትንሿን አካፋ ዘረጋልኝ።

«አንተ አውጣው።»

«ያገኘኸው አንተ ነህ።»

«ንጹህ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?»

በሆዴ ተኛሁ። አፈሩ ደረቴን አቃጠለኝ። ከእንጨቷ አንድ ስንዝር ርቄ ከጎን ጀመርኩ። መረሬው እንደ ድንጋይ ነው፤ በአካፋው ጫፍ ቆንጠር ቆንጠር እያደረግኩ ወደ ስንጥቁ ተጠጋሁ። አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አካፋዬን ጣልኩና በጣቴ ቀጠልኩ። መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴ ክር ነው።

ቀለበቱ በጠርዙ ቆሞ ነበር፤ እንደ ቆመ አወጣሁት። አንድም ጭረት የለበትም። ከነአፈሩ ብርቄ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አጠለቀችው፣ ጣቷን አጠፈችበት፣ ከዚያ ወደ በረዶው ሮጠች። «ውሃ ጠጡ!» አለች። «ጠጡ፣ ሁለታችሁም ጠጡ! ከንፈራችሁ ደርቋል፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ጠጡ እንጂ!» እያለቀሰች ጠርሙሱን አፋችን ላይ ደገነችብን። ሃምሳ አለቃ እንደ ሕፃን ጠጣ፤ እኔም ጠጣሁ።

ቀሪውን ቦታ ቀለበቱ ተገኝቶም ጨረሰው። «ለምን?» ስለው «ክሩ አላለቀም» አለ። ሲያበቃ ክሩን እየጠቀለለ ወደ እኔ ዞረና «አሁን እርገጠው» አለኝ። በባዶ እግሬ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ተራመድኩ። አፈሩ የውስጥ እግሬን ፈጀኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ዳኒ በስልኩ እየቀረጸ «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ።

«እየፈረምኩ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ኮንክሪቱ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ አለቃና እኔ ዓመታት አብረን ሠራን፤ በሐምሌ ንጋት ላይ ወጥተን ፀሐይዋ ሳትበረታ እንገባለን። ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ሌላ ሰው ሲያነሣ «ኢንጂነር ነው ያወጣው» ይል ነበር። ቀብሩ ላይ ስለ እሱ እንድናገር ራሔል ጠይቃኝ ያልኩት ይህንኑ ነው፦ በሕይወቴ አንድ አስተማሪ ነበረኝ፤ እሱም ሥራዬን ለእኔ ትቶ የሄደ ሰው ነው።

ከብርቄ ቀለበት ወዲህ የሠራሁትን ልዘርዝርና ላብቃ። ማሽኔ ላይ ያለችውን የማስተካከያ ቁልፍ እንዳትዞር በማጣበቂያ ዘግቻታለሁ። ዘጠኝ ቀለበት ለባለቤቶቻቸው መልሻለሁ፤ ሁለቱ የአሜሪካኖች ናቸው። የአንድ ዲያቆንን የአንገት መስቀል ከሣር ማጨጃ ሥር አውጥቻለሁ። የአንድ ጎረቤቴን የጆሮ መስሚያ አግኝቻለሁ፤ እስከማገኘው ድረስ ሰውዬው የት እንደጣለው የጠየቅኩትን አንዱንም አልሰማኝም። ሃምሳ አንድ የስንዴ ሳንቲም አውጥቻለሁ፤ አንዱም አልተጫረም። ስድስት ሰው ከጎን መቆፈር አስተምሬያለሁ፤ ስድስቱም እንቁላል ሰብረዋል፤ እንደ እኔ በሦስት ቀን የጨረሰ የለም። አንዲት ነርስ ደግሞ ካሮልተን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሜዳ ላይ የእናቷ ጉትቻ ጠፍቶባታል። አራት ጊዜ ሄጄ ፈለግኩ፤ አላገኘሁትም። የለም ግን አላልኳትም።